ለነፍስ የሚደርሰው የትኛው ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የዘለዓለም ሕይወት» የሚል ነው። ትልቅ ርእስ ነው። አገራችን ቤተ ልሔም ድጓ ለመመስከር ተማሪ ከየአቅጣጫው የሚመጣባት የሊቃውንት አገር ብትሆንም እኛ ሊቃውንት አይደለንም። ለተማሪው እንጀራ ስንሰጥ ኖርን እንጂ ከመምህሩ እግር ሥር አልተቀመጥንም። ስለዚህ ስለ ወዲያኛው ዓለም የምንናገረው በምናውቀው በኩል ነው፤ በተዝካር በኩል።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንናዘዝ። ከረጂዎቻችን አንዱ መዝገባችንን አይተው «ለበግ ማድለቢያ የተበደሩት ሴቶች በጎቻቸው የት አሉ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። እኛም «በሽታ ገባባቸው» ብለን መለስን። እውነቱ ያ አልነበረም። አንዳንዶቹ ብሩን የወሰዱት ለተዝካር ነው። እኛ የኮሚቴው ሴቶችም እናውቅ ነበር፤ ጌሾውን የወቀጥን፣ ጠላውን የጠመቅን እኛው ነንና።

ከመካከላችን የአንዷን ነገር በፈቃዷ እንንገራችሁ። ባሏ ሲሞት ጥማድ በሬ ነበራቸው። በ40ኛው ቀን አንዱ ለዳሱ ታረደ። ጤፉና በርበሬው የተገዛው በብድር ስለነበር ዕዳው ሲጠየቅ ሁለተኛው ተሸጠ። አንድ በሬ እንኳ ቢቀር መቀናጆ አይጠፋም ነበር። ያለ በሬ ግን መሬቷን ለእኩል ሰጠች፤ የምርቱ ግማሽ በየዓመቱ ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ይገባል። ታላቁ ልጇ ትምህርቱን ትቶ እረኛ ሆኖ ተቀጠረ። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ስንላት የመለሰችልን ከልባችን አልወጣም። «በሕልሜ መጥቶ ራበኝ ቢለኝስ?» አለችን።

ይህን ፍርሃት የማያውቅ ሰው ሊስቅ ይችላል። እኛ አንስቅም። የጎረቤት አፍ ያስፈራል፤ «ባሏን እንደ ውሻ ቀበረችው» መባል ያሳፍራል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ የወደድነው ሰው በማናየው ቦታ ተቸግሮ እኛ እዚህ እህላችንን ቆጥበን ብንገኝስ?

ስለዚህ የነፍስ አባቶቻችንን ጠየቅን። የነገሩን አዲስ ነገር አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነው። ሰው ሲሞት ነፍሱ ከሥጋው ተለይታ ጻድቅ ከሆነ ወደ ገነት፣ ኃጥእ ከሆነ ወደ ሲኦል ትሄዳለች። ያ ግን የመጨረሻው አይደለም። በዳግም ምጽአት ሙታን ተነሥተው ነፍስና ሥጋ ይገናኛሉ፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚለዩት ያን ጊዜ ነው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን፣ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ባለው ጊዜ በሕይወት ያለው ለሞተው ይጸልያል። ፍትሐት ማለት መፍታት ነው፤ ካህኑ ነፍሲቱ ከኃጢአት ማሰሪያ እንድትፈታ ይለምናል። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ የተሠሩት ለዚህ ነው። ተዝካርም ቃሉ መታሰቢያ ማለት ነው። ቃሉ ውስጥ በሬ የለም።

በዚህ ረገድ የእኛ አገር የታደለ ነው። ቅዱስ ያሬድ ከደረሳቸው መጻሕፍት መካከል መዋሥዕት የሚባለው በቀብርና በሙታን መታሰቢያ የሚዜመው ነው። እሱ የሚመሰከርበት ዙር አባም እዚሁ ጋይንት ውስጥ ነው። ሌላው አገር ለሙታን የሚያዜምለትን መሪጌታ የሚያገኘው እኛ ዘንድ ከተማረው ነው። ዜማው በደጃችን እያለ ለነፍስ የሚደርሰው ሥጋና ጠላ ነው ብለን ማሰባችን ግርም ይላል።

ከምንሰማቸው ታሪኮች ሁለቱን እናስታውሳችሁ። በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ ያለው ባለጸጋ በየቀኑ ይደግስ የነበረ ሰው ነው። በሲኦል ሆኖ የለመነው ግን ድግስ አይደለም፤ በጣት ጫፍ የሚደርስ ውሃ ነው። በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ የምንሰማው የበላዔ ሰብእ ታሪክም አለ። 78 ሰው የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድውይ ጥርኝ ውሃ ሰጠና ሥራው በሚዛን ሲመዘን ውሃዋ ደፋች። በሁለቱም የተነገረው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ከምንጭ ቀድተን፣ በጀርባችን አዝለን የምናመጣው እኛ ነን፤ ለእሱ ብድር አንገባም።

ይህን ሐሳብ ስናነሣ አንድ ጎረቤታችን «አውራ አምባ ልታደርጉን ነው?» ብለው ተቆጡን። አውራ አምባ እንደኛው በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ፣ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ሰው ሲሞትባቸው ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ተዝካር የሚባል አያውቁም። ሠራተኞች ናቸው፤ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን እነሱ ተዝካርን የተዉት ከሞት በኋላ ያለውን ሕይወት ስለማይቀበሉ ነው። እኛ የምንቀበል ነን። የሞተው ሰው እንዳልጠፋ ስለምናምን ነው የትኛው እንደሚጠቅመው ለማወቅ የምንጨነቀው።

እውነቱን ለመናገር ድግሱም የራሱ መልካም ነገር ነበረው። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቦ ከቤት ቤት የሚለምን የአብነት ተማሪ ጠግቦ የሚያድረው በተዝካር ቀን ነው። ዓመት እስከ ዓመት ሥጋ የማይቀምስ ድኻም ይቀምሳል። ካህናቱም የሚያገኙት አለ፤ ይህን ሳንደብቅ ለእነሱም ነግረናቸዋል። አንዱ አባት ሳቁና «እኔም ሆድ አለኝ፤ ግን የልጆቿን ጾም አልበላም» አሉ። በድግሱ ግን ከዳሱ ውስጥ ፊት የሚቀመጠው ማን ነበር? ዘመድ፣ ባለሥልጣን፣ ለወደፊቱ ብድር የምናስብለት ሰው። ተማሪውና ድኻው ከዳሱ ውጭ ሆኖ የተረፈውን ነው የሚጠብቀው። ይህን እኛም አድርገነዋል፤ ትርፍራፊ በሰፌድ ይዘን ወጥተናል።

ከአባቶች ጋር ተነጋግረን የያዝነው አካሄድ ይህ ነው። በ40ው ቅዳሴና ፍትሐት ይደረጋል። ሟች ያለበት ቤት ከአቅሙ በላይ አይደግስም፤ ዳስ አይጣልም፣ ከብት አይታረድም። ከአባላት እያንዳንዷ ከቤቷ እንጀራና ወጥ በአገልግል፣ የቻለች ጠላ በእንሥራ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። መጀመሪያ የሚቀመጡት ተማሪዎችና ድውያን ናቸው። ያ ቀን ጾም ላይ ከዋለ ሽሮው ይበቃል። በብድር ቅጻችን ላይም «ለኀዘን» የሚል መስመር ጨምረናል። በብር ሳይሆን በእህል፣ በትንሹ፣ በግልጽ እንሰጣለን። ረጂዎቻችን ከእንግዲህ መዝገቡን ስታዩ የሌለ በግ አታገኙም።

እስካሁን በዚህ መልክ የተደረገው ጥቂት ነው። በአንደኛው ቀን የመጡት ተማሪዎች ከጠበቅነው በዝተው እንጀራ አለቀብንና አንዳንዶቻችን ወደ ቤት ሮጠን የልጆቻችንን እራት ይዘን ተመለስን። በሌላው ቀን የሟች ወንድሞች ተቆጥተው በግ አርደው አመጡ። ተቀበልን እንጂ አልመለስንም። ያቺ በሬዋን ያጣች እኅታችን ግን ገና በሬ አልገዛችም። ለሰማንያውም ለሙት ዓመቱም ያደረገችው ፍትሐት ብቻ ነው። ባሏ በሕልም መጥቶ እንደሆነ ጠየቅናት። መጥቷል፤ ስለ ልጁ ትምህርት ጠየቀኝ አለችን።

ባለፈው ስብሰባ ማብቂያ ላይ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት እማሆይ ተነሥተው «የእኔን አሁን በመዝገብ ጻፉልኝ። በሬ እንዳታርዱ። ለአንድ ተማሪ ጋቢ ግዙለት፤ ብርዱ ይገድለዋል» አሉ። ጸሐፊያችን ጻፈችላቸው፤ እማሆይም ማንበብ ባይችሉም መዝገቡን አስጠግተው አዩትና በጣታቸው ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም አስጽፈዋል። አንዷ ግን «እናቴ በበሬ ነው የታሰበችው፣ እኔም በበሬ» ብላለች። በሬው የራሷ ስለሆነ እሱንም ጻፍንላት።