በበጋው ዕረፍት ብርቅዬ ወፍ ፍለጋ

(የትምህርት ቤት ዕረፍት በጀመረበት ሳምንት በመርከዝ ቅሊጣ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ ወላጆችም እንዲያነቡት ሙሉው ቀርቧል።)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ባንክ ወይም ስለ ኩፓት ሖሊም አይደለም፤ እነዚህን በሌላ ቀን እንነጋገርባቸዋለን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወፎች ነው። «ቤትና ሥራ ለሚፈልግ ሰው የወፍ ወሬ ምን ይጠቅመዋል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

እንደሚታወቀው በዚህ አገር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከጁላይ መጀመሪያ እስከ ኦገስት መጨረሻ ዝግ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ወቅት ክረምት ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፣ ወንዝ ይሞላል። እዚህ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ዕብራውያን ቃይጽ የሚሉት የሐሩር ወቅት ነው። ልጆች ሁለት ወር ሙሉ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ተተክለው ይውላሉ።

ከዚህም ሌላ የከበደ ነገር አለ። ልጆቻችን ቋንቋውን ከእኛ ቀድመው ይይዙታል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በየቢሮው አስተርጓሚው ልጅ ይሆናል። አባት ይጠይቃል፤ ልጅ ይመልሳል። እናት ደብዳቤ ይዛ ትቆማለች፤ የ10 ዓመት ልጇ ያነብላታል። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ይሁን እንጂ «ወላጆቼ ምንም አያውቁም» የሚል ሐሳብ ቀስ እያለ ይገባበታል። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ ያልረሳሁት አንዱ፣ ልጅ አንድ ነገር ያስተማረውን ሰው እንደሚያከብር ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አዲስ አገር የገባ ወላጅ ልጁን የሚያስተምርበት ቦታ የት ነው? እኔ ካገኘኋቸው ቦታዎች አንዱ ሜዳ ነው።

ወፎች በዚህ አገር ለምን ይበዛሉ?

እስራኤል ትንሽ አገር ናት፤ ነገር ግን ከ500 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተውባታል። በየዓመቱ በመጸውና በጸደይ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎች በሰማይዋ ያልፋሉ ተብሎ ይገመታል። ምክንያቱ ቦታዋ ነው። አገሪቱ የአውሮፓ፣ የእስያና የአፍሪካ መገናኛ ናት። እንደ ሽመላና እንደ ንስር ያሉ ክንፈ ሰፊ ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ረጅም መንገድ አይሄዱም። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ እነርሱም በዚያ ሞቃት አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያም ሳይደክሙ ተንሸራተው ይሄዳሉ። በባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ የሜዲትራኒያንን ባሕር ዳር ዳሩን ይዞራሉ። በመሆኑም ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሡት ሽመላዎች በቱርክ፣ በሶርያና በሊባኖስ አልፈው ወደዚህች ጠባብ አገር ይገባሉ። ከዚህ ደግሞ በሲና በኩል ወደ አባይ ሸለቆ፣ ወደ ሱዳንና ከዚያም ወዲያ ይቀጥላሉ። ቁጥራቸው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይደርሳል።

ሽማግሌዎቻችን ልጆች ሳሉ ሽመላ በመንደራቸው ላይ ስታልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቋት እንደነበር ነግረውናል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ልጅ ጨዋታ ብቻ ያየዋል። ሆኖም ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የጀርመንና የእስራኤል ተመራማሪዎች በሽመላ ጀርባ ላይ ትንሽ የሳተላይት መሣሪያ እያሰሩ መንገዷን ተከታትለዋል። ሽመላዎቹ ወደ አፍሪካ ከመውረዳቸው በፊት በእስራኤል ሰማይ እንደሚያልፉ በካርታ ላይ ታይቷል። እንግዲህ ልጆቹ የጠየቁት ከዚያው የመጣውን መንገደኛ ነበር። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሽመላ በዕብራይስጥ ሐሲዳ ትባላለች፤ ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 8 ጊዜዋን የምታውቅ ወፍ አድርጎ ጠቅሷታል።

ብርቅዬ ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን ብቅ የማይል ወዳጅ ሲገኝ «የመስቀል ወፍ ሆንክ» ይባላል። ወፍ ተመልካቾች የሚፈልጉትም እንዲህ ያለውን ነው። በዚህ አገር በበጋ ወራት ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ የሩቅ ማያ መነጽርና ውኃ ይዘው የሚወጡ ብዙ ሰዎች አሉ። የሚፈልጉት በየቀኑ የሚታየውን ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣውን ነው። ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ብርቅዬ መሆን በቦታ የሚወሰን መሆኑን ነው። እዚህ ብርቅ የሆነው ወፍ በሌላ አገር የዘወትር ነው።

ለምሳሌ ያህል በኤይላት የባሕር ዳርቻ በዚያ ሁሉ ሙቀት ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡ ሰዎች ነጭ ዓይነ ክብ ያላትን ጥቁር ራስ የባሕር ወፍ ለማየት ይቆማሉ። ይህች ወፍ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ወፍ ናት። በምጽዋ ለኖረ ሰው ግን ምንም አትደንቀውም። በዓረባ ሸለቆ ደግሞ ጭራዋ ረጅም የሆነች፣ ወንዱ ፊቱ ጥቁር የሆነ ትንሽ ዋኔ ትታያለች። ከአፍሪካ የመጣች ናት፤ ድሮ ብርቅ ነበረች፤ አሁን ግን በዚያው ጎጆ ሠርታ ትፈለፍላለች።

ከሁሉ ይልቅ ግን የምነግራችሁ ስለ ቢጫ አፍ ሽመላ ነው። በኢትዮጵያ በሐይቆች ዳር ትገኛለች። ወደ እስራኤል ግን በበጋ መጨረሻ ጥቂቶች ብቻ ይመጣሉ፤ በሺህ ከሚቆጠሩ ነጭ ሽመላዎች መካከል አንዲቱን ለማግኘት ሰዓታት ይፈጃል።

ባለፈው ዓመት በኦገስት ከዚህ ጊቢ ከወጡ ቤተሰቦች ጋር ወደ ቤት ሸአን ሸለቆ ሄደን ነበር። ሸለቆው ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ብዙ የዓሣ ማርቢያ ኩሬዎች አሉት፤ ሽመላዎች ለማደር ይወርዱበታል። እዚያ ከደረስን በኋላ ቴሌስኮፕ የተከሉ አራት ሰዎች አገኘን። ከጠዋት ጀምሮ ይፈልጉ ነበር። ከእኛ ጋር ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተዋል። መነጽር ብሰጣቸው «ግድ የለም፣ ይታየኛል» አሉኝ። ቁጭ ብለው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ከቆዩ በኋላ በጣታቸው እያመለከቱ እንዲህ አሉ፤ «ያቺ እንደ ሌሎቹ አትለቅምም። አፏን ከፍታ ውኃው ውስጥ ትይዛለች፤ በእግሯ ጭቃውን ታማስላለች። በልጅነቴ ጣና ዳር እንዲህ የምታደርግ ነበረች።»

ቴሌስኮፑ ወደዚያ ዞረ። አፏ ቢጫ፣ ፊቷ ቀይ፣ ጭራዋ ጥቁር ነበር። ነጭ ሽመላ ግን አፏ ቀይ፣ ጭራዋ ነጭ ነው። ሰዎቹ በደስታ ስልክ መደወል ጀመሩ። ወዲያውም መጥተው አባታችንን ይጠይቋቸው ገቡ፤ ምን ትበላለች? ለብቻዋ ነው ወይስ በመንጋ የምትሄደው? የ11 ዓመቱ የልጅ ልጅ እያስተረጎመ ቆመ። ልጁ በየቢሮው ሲያስተረጉም ቆይቷል፤ እዚያ ግን አያቱ የሚጠይቁ፣ ሌላው የሚመልስ ነበር። በዚህ ቀን መልሱ ከአያቱ ዘንድ ነበር። በአውቶቡስ ስንመለስ ልጁ «አባባ፣ ሌላስ ምን ያውቃሉ?» ሲል ሰማሁት። ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ስለ ቁራ፣ ስለ ጅግራና ስለ ጥንብ አንሳ ሲነግሩት ነበር።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። በዚያው በጋ ሦስት ጊዜ ወጥተን በሁለቱ ምንም ብርቅዬ ወፍ ሳናይ ተመልሰናል። ወፍ ቀጠሮ አያከብርም። ይሁን እንጂ ባላየንባቸው ቀናትም ሽማግሌዎች ተናግረዋል፤ ልጆችም ሰምተዋል።

እርግጥ ብዙዎቻችሁ በጎንደር ከተማ ወይም በአዲስ አበባ ለዓመታት ስትጠብቁ ኖራችኋል፤ ልጆቻችሁም ከተማ የተወለዱ ናቸው። ቢሆንም ጭልፊት ጫጩት ስትነጥቅ፣ አሞራ በቄራ ላይ ሲያንዣብብ ያላየ የለም። ያንን ንገሯቸው። ትንሽ እውቀት አይደለም።

በበጋ ምን ምን ይታያል?

በጁን ወር በኢየሩሳሌም በአሮጌ ቤቶች የሸክላ ጣሪያ ሥር ባዝ አዶም የምትባል ትንሽ ቀይ ጭልፊት ትፈለፍላለች። ፌንጣና አንበጣ ትበላለች፤ በጁላይ ብዙዎቹ ይሄዳሉ። ቅዝቃዜውንም በአፍሪካ ያሳልፋሉ።

በጁላይና በኦገስት በኔጌብና በሙት ባሕር ገደሎች ግራጫ የበረሃ ጭልፊት ይገኛል። ሌሎች ወፎች ጫጩቶቻቸውን አሳድገው ሲጨርሱ እርሱ ገና ይጀምራል። ምክንያቱም ጫጩቶቹን የሚመግበው በመንገድ ላይ ያሉ ትንንሽ ስደተኛ ወፎችን እየያዘ ነው። ከዚያም እስከ ማዳጋስካር ይወርዳል።

እንዲሁም ራኻም የሚባለው ነጭ ጥንብ አንሳ በበጋ በዚህ አገር ገደሎች ላይ ይፈለፍላል። በዓለም ሁሉ እየጠፋ ያለ ወፍ ነው። ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ከሚሄዱት ብዙዎቹ የቅዝቃዜውን ወራት በአፋር ሜዳ ያሳልፋሉ።

ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ሽመላዎች በብዛት ይደርሳሉ። ለዚህ የሑላ ሸለቆና የቤት ሸአን ሸለቆ መልካም ናቸው። የሑላ ሐይቅ በ1950ዎቹ ተጠንፍፎ ነበር፤ በ1994 ከፊሉ እንደገና በውኃ ተሞላ፤ ወፎቹም ተመለሱ። ሩቅ መሄድ የማይችል ቤተሰብ በኢየሩሳሌም ከክነሴት አጠገብ በ1994 ወደ ተቋቋመው የወፍ መመልከቻ ጣቢያ መሄድ ይችላል።

ከመውጣታችሁ በፊት

አንደኛ፣ በጠዋት ውጡ። በዚህ አገር አቆጣጠር 5 ሰዓት ተኩል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ቀትር ሳይደርስ ወደ ጥላ ተመለሱ። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውኃና ባርኔጣ ያዙ። ዓርብ ከሆነ አውቶቡስ ሳይቆም በጊዜ ተመለሱ።

ሁለተኛ፣ የማታነቡት ጽሑፍ ያለበትን አጥር አትሻገሩ። በዮርዳኖስ ወንዝ አካባቢና በጎላን ፈንጂ ያለባቸው ቦታዎች በቢጫ ሰሌዳና በቀይ ሦስት ማዕዘን ተለይተዋል። ወደ ዓሣ ኩሬዎች ለመግባትም አስቀድማችሁ የኪቡጹን ሰዎች ፈቃድ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ልጆች ወንጭፍ እንዳይዙ፣ እንቁላልም እንዳይነኩ ንገሯቸው። ከ1955 ጀምሮ የዱር እንስሳትንና ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ የጣሰም ይቀጣል። የቆሰለ ወፍ ካገኛችሁ ለተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን በኮከብ 3639 ደውሉ።

አራተኛ፣ መነጽር ባይኖራችሁ ግድ የለም፤ ከማኅበሩ ለጉዞው ቀን ይሰጣችኋል። ደብተር ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ይግዛ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የወፏ መልክና የምትሠራው ነገር ይጻፍበት። አያት ወይም ወላጅ አይቶ ይናገራል፤ ልጅ ይጽፋል። ስሟን በአማርኛም በዕብራይስጥም ያስፍር። መጻፍ የማይችል አባት ከዚህ ሥራ አይቀርም፤ ደብተሩን የሚሞላው የእርሱ ዓይንና የእርሱ ቃል ነውና።

ወገኖቼ፣ ቋንቋውን መማር ግዴታችን ነው፤ ኡልፓኑን አታቋርጡ። ነገር ግን ዕብራይስጡ እስኪገባን ድረስ ልጆቻችን በእኛ ላይ ያላቸው እምነት መጠበቅ አለበት። ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በጠዋት መነሣት፣ አብሮ መሄድና ያዩትን መናገር ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ሽመላዎች በሚደርሱበት በኦገስት ሦስተኛው ሳምንት ይሆናል። ስማችሁን በጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቡ፤ ሽማግሌዎችን ይዛችሁ መምጣትም አትርሱ።