«አፌ ይደርቃል» ማለትን አትናቁት

ለግፊት ወይም ለስኳር ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ግፊታችሁ ይለካል፣ ደማችሁ ይመረመራል፣ መድኃኒታችሁ ይታዘዛል። «አፍዎ ይደርቃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ታካሚውም በትንሽ ነገር ሐኪም ማስቸገር እየመሰለው ዝም ይላል። እንደ ጥርስ ሐኪም ይህ ዝምታ ያሳስበኛል።

ችግሩ ብዙ ሰው ያለበት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የታተመ አንድ ግምገማ፣ ከመቶ ሰዎች 22 ያህሉ የአፍ ድርቀት እንዳለባቸው ገምቷል። ጥናቶቹ በተናጠል ሲታዩ ቁጥሩ በእጅጉ ይለያያል። አንዱ አጥኚ ሰውየውን ጠይቆ ይመዘግባል፣ ሌላው ምራቁን አጠራቅሞ ይለካል፤ የሁለቱ ውጤት ደግሞ ሁልጊዜ አይገጥምም። ምራቁ ሳይጎድል አፉ የሚደርቅበት ሰው አለ፤ ጎድሎበት ያላወቀም አለ። አብዛኛው ሰው ድርቀቱ የሚሰማው ምራቁ በግማሽ ያህል ከቀነሰ በኋላ ስለሆነ፣ «አፌ ይደርቃል» የሚለኝን ታካሚ ቃል አቅልዬ አላየውም።

ምራቅ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይመነጫል። የምግብ ትራፊ ያጥባል፣ ጥርስ የሚበላውን አሲድ ያረክሳል፣ ፈንገስ እንዳይራባ ይከላከላል። ሲጎድል ጥርስ በተለይ ከድዱ ጠርዝ በኩል በፍጥነት ይበሰብሳል፣ ምላስ ይቃጠላል፣ ምግብ ጣዕም ያጣል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም አልቀመጥ ይላል።

ታዲያ ከምን ይመጣል? ከሁሉ የሚበዛው ሰበብ መድኃኒት ነው። ለድባቴም ለነርቭ ሕመምም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ዕጢዎቹ ምራቅ እንዲያመነጩ የሚያዝዘውን የነርቭ መልእክት ይከለክላል። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚወሰደው ክሎርፌኒራሚንም እንዲሁ ነው። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ ሽንት የሚያበዙ የግፊት ኪኒኖችም አፍ ያደርቃሉ። አንዱ ብቻውን ብዙም ላያስቸግር ይችላል፤ ሦስት አራት ዓይነት አንድ ላይ ሲወሰዱ ግን ድርቀቱ ይበረታል። በአረጋውያን ላይ የሚበዛበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። «እርጅና ነው» ተብሎ ሲታለፍ የማዝነውም ለዚህ ነው።

ያልተስተካከለ ስኳር፣ ትምባሆ፣ በአፍ መተንፈስና ጭንቀትም አፍ ያደርቃሉ። ጫትም ያደርቃል፤ በላዩ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ሲጠጣ ጥርስ በሁለት በኩል ይጠቃል። ለአንገትና ለራስ ካንሰር የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሰዎች ላይ ችግሩ እጅግ ይከፋል። አፋችሁ ደርቆ ዓይናችሁም አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆራችሁ ደግሞ ሾግረን የሚባል የራስን ዕጢ የሚያጠቃ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ አልወርድ ይላችኋል? ሌሊት አፋችሁ ደርቆ ውሃ ፍለጋ ትነሣላችሁ? ቀኑን ሙሉ እየተጠማችሁ ሽንትም የሚመላለስባችሁ ከሆነ ሳትዘገዩ ስኳራችሁን ተለኩ።

አፋችሁ የሚደርቅ ከሆነ ውሃ በትንሽ በትንሹ ተጎንጩ። ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ምራቅ ይቀሰቅሳል። ከረሜላ መምጠጥ ለጊዜው አፍ ቢያረጥብም ምራቅ ባጣ ጥርስ ላይ ጉዳቱ ከባድ ነው። ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ተቦርሹ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ግፊት ድንገት ቢያሻቅብ ከአፍ ድርቀት የባሰ አደጋ አለው። መጠኑን መቀነስ፣ ሰዓቱን መለወጥ ወይም በሌላ መተካት የሐኪሙ ሥራ ነው።

በየጤና ጣቢያው የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ መድኃኒት ስታድሱ «አፍዎ ይደርቃል ወይ?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። እናንተም አድማጮች፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የምትወስዷቸውን ኪኒኖች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱና አፋችሁ እንደሚደርቅ ሳትጠየቁ ተናገሩ።