የሰው ደኅንነት ይደመራልን?



አንድ ሕዝብ ደኅና መሆኑን ለማወቅ የእያንዳንዱን ሰው ጥቅም ደምሮ ድምሩን መመልከት ይበቃልን? የዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የማኅበር ጥቅም ማለት ማኅበሩን ያቆሙት ግለሰቦች ጥቅም ድምር ነው ሲል አስተማረ። ትምህርቱ የሚናቅ አይደለም፤ በዚህ ሒሳብ የጌታውም የሎሌውም ደስታ በአንድ ሚዛን ይመዘናልና።

ነገር ግን ድምር ስንት እንደ ሆነ ይነግረናል እንጂ ለማን እንደ ደረሰ አይነግረንም። ለዐሥር ሰዎች ዐሥር እንጀራ ቀርቦ፥ አምስቱ ሁለት ሁለት በልተው አምስቱ ጦማቸውን ቢያድሩ ድምሩ ያው ዐሥር ነው። የቤንታም ተከታዮች ግን፥ የምንደምረው ደስታውን ስለ ሆነ ለተራበው የመጀመሪያው እንጀራ ለጠገበው ከሚጨመረው ይበልጣል ይላሉ። መልሱ መልካም ነው። ሆኖም የሁለት ሰዎችን ደስታ በእርግጥ የሚያመዛዝን መለኪያ አለመኖሩን የምጣኔ ሀብት ሊቁ ላየነል ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1932 አስረድቷል። ስለዚህ መንግሥታት የሚደምሩት የሚቈጠረውን፥ ኩንታሉንና ብሩን ነው።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ የወሎን ረኀብ አስቡ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ የኢትዮጵያ ጠቅላላ የእህል ምርት ከወትሮው ብዙ የጐደለ አልነበረም። የወሎ ገበሬ ግን አዝመራው ጠፍቶበት፥ ከብቱም አልቆበት መግዣ አጣ፤ ከጠቅላይ ግዛቱም ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበረ። የአገሩ ድምር ደኅና ሲሆን የወሎ መሶብ ባዶ ነበረ።

ከዚህ ጋር የእድርን ሥራ አስተያዩ። ሁሉም መዋጮውን እኩል ይከፍላል፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ግን ገንዘቡም ድንኳኑም ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። ሐዘን ያልደረሰበትም ሰው ከስሬአለሁ አይልም፤ በክፉ ቀን ብቻውን እንደማይቀር ማወቁ ጥቅሙ ነውና። ይህን ጥቅም ለየሰዉ ቈራርሶ መልሶ መደመር አይቻልም።

እንግዲህ ድምር ይቅር አንልም፤ ያለ ሒሳብ የሚተዳደር አገር የለምና። ነገር ግን ብዙ ተመረተ፥ ብዙ ተገኘ ሲባል በሰማችሁ ጊዜ፥ «ከማን ቤት ሳይደርስ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የጋራ ጥቅም ተገኘ ማለት አይቻልም።