ከመጽሐፉ ወደ ስታዲዮሙ በር
(በተማሪዎች አንድነት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ የአንድነቱን የሥራ ኮሚቴ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «የስፖርት ንግድና አስተዳደር የሚማር ተማሪ በውድድር ቀን ሜዳ ተገኝቶ ይሥራ ወይስ አይሥራ?» የሚል ነው። ስለዚህ ነገር በመካከላችን ሦስት ዓይነት አሳብ ሲነገር ይሰማል። አንዳንዱ ተማሪ «ይህ የነጻ ጉልበት ነው፤ ወንበር ለመሸከም ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም» ይላል። አንዳንዱ መምህር ደግሞ «ኳስ ለማየት የተፈለገ ምክንያት ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ሦስተኛው ወገን «ልምድ ከተመረቅን በኋላ ይደረስበታል» ይላል። በሦስቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ነገር ግን ሦስቱም ዋናውን ጉዳይ የሳቱ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ፥ የምንማረው ሙያ የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ነጋዴ ዛሬ ያልተሸጠለትን ጨርቅ ነገ ይሸጠዋል። ከቀኑ በ10 ሰዓት ለሚጀመር ጨዋታ ያልተሸጠ ወንበር ግን በ12 ሰዓት ዋጋ የለውም። ውድድር የሚዘጋጀውም፥ የሚሸጠውም፥ የሚታየውም በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ስሕተቱን ነገ አርመዋለሁ» የማይባልበት ሥራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለምን? ከተመረቀ በኋላ ልምድ እቀስማለሁ የሚል ሰው ሲሮጥ ሊታጠቅ የሚያስብ ሰው ነው።

ነገሩን በሒሳብ ላስረዳ። አንድ በረኛ አንድ ቲኬት ለማየት 6 ሴኮንድ ቢፈጅበት፥ በደቂቃ 10 ሰው፥ በሰዓት 600 ሰው ያስገባል። 6,000 ተመልካች በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባል ብለን ብናስብ 10 በር ይበቃናል። በክፍል ውስጥ ይህን የመለሰ ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ይሁን እንጂ ተመልካች እንደ ወንዝ ውሃ እኩል እየፈሰሰ አይመጣም። ከእነዚህ ሰዎች እኩሌታው በመጨረሻው 20 ደቂቃ ቢደርስ፥ በየደቂቃው 150 ሰው ይመጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ 15 በር ያስፈልጋል፤ 10 በር ብቻ ከተከፈተ ጨዋታው ሲጀመር 1,000 ሰው ገና ውጭ ቆሟል። ሕዝቡ በየትኛው ደቂቃ እንደሚበዛ፥ ዝናብ ሲያካፋ ወደ የትኛው በር እንደሚያዘነብል የሚያውቀው ግን በሩ ላይ ቆሞ የቈጠረ ሰው ብቻ ነው።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላጠበቅሁት ነበር። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩንና ኮሞሮስ ለአፍሪካ ዋንጫ በተጋጠሙበት ቀን፥ በያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲዮም መግቢያ ላይ በተፈጠረው መጨናነቅ ቢያንስ 8 ሰዎች ሞተዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በማግሥቱ እንደ ተናገሩት፥ ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። አንድ በር! እንግዲህ «የበር ሥራ ለተማሪ ክብር አይመጥንም» የሚል ጓደኛችን ይህን ያስብ።

ሁለተኛው ነገር፥ ትምህርቱ ራሱ ከሥራው ጋር ተጣምሮ የተወለደ መሆኑ ነው። የብሩክሊን ዶጀርስ የቤዝቦል ቡድን ባለቤት የነበሩት ዋልተር ኦማሊ፥ የስፖርት ድርጅቶችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት እንዲቋቋም እ.ኤ.አ. በ1957 ለፕሮፌሰር ጄምስ ሜሰን አሳብ አቅርበው ነበር። በዚህ አሳብ መሠረት ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1966 የስፖርት አስተዳደርን በማስተርስ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። አሳቡ የመጣው ከመምህር ሳይሆን ሠራተኛ ካጣ አሠሪ መሆኑን ልብ በሉ።

የአስተዳደር ችሎታ ምን ያህል እንደሚለይ ደግሞ ሁለት ኦሊምፒኮች ያስተምሩናል። የሞንትሪያል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1976 ላዘጋጀችው ኦሊምፒክ የገባችበት ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው፤ ሠላሳ ዓመት ማለት ነው። ሎስ አንጀለስ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 አብዛኛውን ውድድር በነበሩት ስታዲዮሞች አካሂዳ፥ የቴሌቪዥንና የማስታወቂያ መብቱን በሚገባ ሸጣ፥ ብዙ በጎ ፈቃደኞችን አሰማርታ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ አገኘች። ለንደንም እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 70,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች አሰልፋ ነበር። ሯጮቹ በሦስቱም ከተማ ሮጠዋል፤ ልዩነቱ ከመሮጫው መስመር ውጭ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ በጥር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አስተናግዳ ቡድናችን የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አስቀርቷል። ተጫዋችም፥ አሠልጣኝም፥ አስተዳዳሪም የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት አገር ቡድን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ፥ «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ የተደረገው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር። ምክንያቱም በአገራችን ያሉት ስታዲዮሞች የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ ባለማሟላታቸው ነው። በዚያ ቀን የደስታው እልልታ ከዚህ ተሰማ፤ የስታዲዮሙ ወንበር ግን የሰው አገር ነበር። ስታዲዮም መሥራት የመሐንዲስና የበጀት ጉዳይ ነው፤ ተማሪ በር ላይ ስለ ቆመ ሕንፃ አይቆምም። ነገር ግን የተሠራው ሕንፃ የልብስ መቀየሪያው፥ የሕክምና ክፍሉ፥ የጋዜጠኞች ቦታው፥ መጸዳጃ ቤቱና መውጫው በየሳምንቱ ተጠብቆ እንዲቆይ የሚያደርገው የሠለጠነ አስተዳዳሪ ነው።

ተስፋም አለን። ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰዎች ተመዝግበው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አንደኛ ወጥቷል፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከ40,000 በላይ ሆነዋል። መመዝገቢያው ካናቴራ ራሱ ቲኬትም ማስታወቂያም ነው። ለዚያ አንድ እሑድ ጧት መንገድ ይዘጋል፥ ውሃ በየጣቢያው ይታደላል፥ የጠፋ ልጅ ይፈለጋል፥ ቆሻሻ ይጠረጋል። ከዚህ የሚበልጥ የመማሪያ ክፍል ከየት እናመጣለን?

እንግዲህ ተማሪው ሜዳ ይውረድ ስል እንዲሁ ይበተን ማለቴ አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና የሚከተሉትን አምስት ነገሮች አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ተማሪው ከውድድሩ በፊት የቦታውን ፕላን አጥንቶ፥ መግቢያና መውጫውን ለይቶ ይምጣ።

2ኛ፤ ለእያንዳንዱ የሚጠየቅበት አንድ ሥራ ይሰጠው፤ የአንድ በር ቆጠራ፥ የአንድ ቲኬት መሸጫ ሒሳብ፥ የአንድ የውሃ ጣቢያ ዕቃ። የተሸጠው ቲኬት ብዛት በዋጋው ተባዝቶ ከሣጥኑ ገንዘብ ጋር ካልተስማማ ለምን እንደሆነ ያስረዳ።

3ኛ፤ ሥርዓት እንዲያስከብር የተመደበ ፊቱን ወደ ሕዝቡ፥ ጀርባውን ወደ ሜዳው ያድርግ። ጎል ሲገባ ሕዝቡን የሚያይ ተማሪ ሊሠራ የመጣ ነው። የተጠራጠሩት መምህራችን መልሳቸውን እዚህ ያገኛሉ።

4ኛ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያሰበውንና የሆነውን አወዳድሮ ጽፎ ለመምህሩ ያስረክብ፤ ማርክም ይታሰብለት። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

5ኛ፤ አዘጋጁ የመጓጓዣና የምሳ ወጪ ይቻል፤ የሥራ ምስክር ወረቀትም ይስጥ። ተማሪውን አስገብቶ የቀን ሠራተኛውን ከእንጀራው ማፈናቀል ግን ፈጽሞ አይፈቀድ። ስለ ነጻ ጉልበት የተናገረው ጓደኛችን ቅሬታው ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን እንዲህ ያለ ውል ማሰር እንጂ ከሜዳ መቅረት አይደለም።

ውድ ጓደኞቼ፤ አገራችን ሯጭ አጥታ አታውቅም። ያጣችው ሯጩ የሚሮጥበትን ቀን አስቦ፥ ቆጥሮ፥ ደግሶ፥ ተመልካቹን በደኅና አስገብቶ በደኅና የሚመልስ ሰው ነው። ያ ሰው ከእኛ መካከል ካልወጣ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ከአንድነቱ ሦስት፥ ከመምህራን ሁለት አባሎች ያሉበት ኮሚቴ ዛሬውኑ እንዲመረጥና ያቀረብኋቸውን አምስት ነጥቦች በውል መልክ አዘጋጅቶ ለክለቦችና ለውድድር አዘጋጆች እንዲልክ አሳስባለሁ። የምትቃወሙ ብትኖሩ ክርክራችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ የምትደግፉ ግን ከማጨብጨባችሁ በፊት ስማችሁን በመዝገቡ ላይ እንድታሰፍሩ እለምናለሁ።