ወረቀቱ ይመርመር እንጂ ፊቱ አይመርመር
(በሙያ ማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው የጋምቤላ ከተማ ከምሥረታዋ ጀምሮ የሁለት አገር በር ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት ውል ሁለት ነገሮችን አስከተለ። አንደኛው በባሮ ዳር የተከፈተው የንግድ ጣቢያ ነው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና የጫኑት በዚሁ ጣቢያ ሲሆን፣ ጣቢያው ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰው ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ነበር። ሁለተኛው ውጤት ድንበሩ ነው። መስመሩ ሲሰመር የኑዌርና የአኙዋ ሕዝብ በሁለቱም ወገን ቀረ።

እንግዲህ በዛሬይቱ ጋምቤላ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል። ሁለት ወጣቶች ከፊቱ ይቆማሉ። ሁለቱም ኑዌርኛ ይናገራሉ፤ በሁለቱም ግንባር ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ይታያል። አንደኛው በጂካዎ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሌላው ጦርነት ሸሽቶ ከደቡብ ሱዳን የመጣ ስደተኛ ነው። ሕግ ይለያቸዋል፤ ዓይን ግን አይለያቸውም። ይህን መለየት ለአሠሪው ዓይን ከተተወ የሚጎዳው ስደተኛው ብቻ ሳይሆን ዜጋውም ጭምር ነው።

በመሠረቱ ሕጉ ግልጽ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ የውጭ አገር ሰው ሊቀጠር የሚችለው የሥራ ፈቃድ ሲኖረው ነው፤ ፈቃዱም ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለ3 ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአንቀጽ 26 ላይ ስደተኛው ለውጭ አገር ዜጎች ከሚሰጠው እጅግ የተሻለው አያያዝ ተጠቃሚ ሆኖ ደመወዝ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማራ ፈቅዷል። መንግሥትና ዓለም አቀፉ ኅብረተሰብ ለስደተኞችና ለዜጎች በጋራ ባቀዷቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ ሲሠራ ደግሞ ከኢትዮጵያዊ እኩል እንዲታይ ደንግጓል። ይህ ኢትዮጵያ በ1943ቱ የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት ላይ የሥራ መብትን በሚመለከት ካኖረችው ተቃውሞ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ሕጉ ወደ ጋምቤላ ገበያ ሲወርድ ነው። ለውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው በዜጎች ዘንድ ያልተገኘ ሙያ ስላለው ነው። ድንጋይ ተሸካሚው፣ ግንበኛው፣ ፀጉር ቆራጩ ስደተኛ ይህን ሊያስረዳ ከቶ አይችልም። ከዚህም የተነሣ ከፕሮጀክት ውጭ ያለው ሰው ያለ ፈቃድ ይሠራል፤ ደመወዙ ቢቀርበት ለመክሰስ ይፈራል። በመጠለያዎች ውስጥ እንኳ በረዳት መምህርነትና በጤና ሥራ የተሰማሩ ስደተኞች ለረዥም ጊዜ ሲከፈላቸው የኖረው ደመወዝ ሳይሆን «ማበረታቻ» የተባለ፣ ከዜጋው ክፍያ በእጅጉ ያነሰ ገንዘብ ነው። የአንዱ ጉልበት በርካሽ ሲገዛ ደግሞ ከጎኑ የቆመው የጂካዎው ልጅ የጉልበት ዋጋም አብሮ ይወርዳል።

በዜጋው በኩል ያለው ጣጣ ሌላ ነው። አሠሪው የቀበሌ መታወቂያና ዋስ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ሲወለድ የመዘገበው መሥሪያ ቤት አልነበረም። በድንበር ወረዳ ተወልዶ ወደ ከተማ የመጣ ሰው የሚያውቀው ዋስ ከሌለው ዜግነቱ በጥርጣሬ ይመዘናል። ስደተኛው ግን በመጠለያው በስሙ፣ በፎቶግራፉና በጣት አሻራው ተመዝግቦ ይገኛል።

አሠሪን የድንበር ዘበኛ ማድረግ የሚያመጣው መዘዝ በሌላ አገርም ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሕግ አሠሪዎች የማንኛውንም አዲስ ሠራተኛ የሥራ መብት እንዲያጣሩ አዘዘ፤ የማይፈጽሙትንም በመቀጮ አስፈራራ። የአገሪቱ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው ዘገባ ከአሠሪዎቹ 10 በመቶ የሚሆኑት ከዚያ ሕግ የተነሣ በመልክና በአነጋገር ማዳላት መጀመራቸውን ገለጸ። ቅጣት የፈራ አሠሪ ወረቀት መርምሮ ከመሳሳት ይልቅ እንግዳ የመሰለውን ሁሉ መመለስን መርጧል ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያን የዚህን ነገር ሌላ ገጽታ በራሳቸው ላይ አይተዋል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ብዙዎቹም ያልተከፈለ ደመወዛቸውን እዚያው ጥለው መጡ። በተከታዩ ወር፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፣ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሣ። በ1999ኙ ቆጠራ 307 ሺሕ ያህል ሕዝብ የነበረው የጋምቤላ ክልልም በቀጠሉት ዓመታት ከ300 ሺሕ በላይ ስደተኞችን በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በሌሎች መጠለያዎች ተቀበለ። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተለቀሰው ለቅሶ በባሮ ዳር ሊዘነጋ አይገባም።

ስለሆነም ለዚህ ሙያ ሰዎች የሚቀርበው ሐሳብ በሦስት ነጥብ ይጠቃለላል። አንደኛ፣ መታወቂያ የሚጠየቅ ከሆነ ከደጋ የመጣውም፣ አኙዋውም፣ ኑዌሩም እኩል ይጠየቅ። የአሠሪው ግዴታም ወረቀቱን በቅን ልቦና አይቶ በመመዝገብ ይብቃ፤ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ የሰጪው መሥሪያ ቤት ፋንታ ይሁን። ሁለተኛ፣ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ ከከተማ ይልቅ አስቀድሞ ወደ ድንበር ወረዳዎች ይድረስ፤ የሥራ ፈቃድም እዚያው ጋምቤላ የሚያልቅ ይሁን። ሦስተኛ፣ ፈቃድ ኖረውም አልኖረው፣ የሠራ ሰው የሠራበት ይከፈለው። ርካሽ ሰው መቅጠር ትርፍ መሆኑ ሲቀር ሕግን የመተላለፉ ምክንያት ግማሹ ይቀራል፤ የጂካዎው ወጣትም በአገሩ ላይ ዋስ ፍለጋ ሲዞር አይውልም።