መታወቂያ የሌለው ሰው መራጭ አይደለም ወይ?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ምርጫና ስለ መታወቂያ ጥቂት እንዳወጋችሁ ተጠይቄ ነው የቆምኩት። የመራጮች ምዝገባ በመጣ ቁጥር በየቤቱ የሚነሣ ክርክር ስለሆነ ብትሰለቹም ታገሡኝ።

አንዳንዶች «ያለ መታወቂያ ማንም አይመዝገብ» ይላሉ። ምክንያት አላቸው። አንዱ ሰው ሁለት ጣቢያ ቢመዘገብ፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ተሰልፎ ካርድ ቢወስድ፣ የእናንተ ድምፅ ዋጋው ይቀንሳል። ሌሎች ደግሞ «ወረቀት የሌላት እናቴ ዜጋ አይደለችም እንዴ?» ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጭ ኢትዮጵያዊ፣ 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ይሁን ይላል። ማንነቱ በቀበሌ መታወቂያ ወይም በፓስፖርት ይረጋገጣል። እነዚህ ከሌሉ ሌላ ማስረጃ ይታያል፤ በገጠር ምንም ወረቀት ለሌለው ደግሞ የአካባቢው ሰው ምስክርነት አለለት። ይኸ የመዝጋቢው ችሮታ አይደለም፣ ሕግ ነው።

ለኛ ለጓሳ ዙሪያ ሰዎች ምስክርነት እንግዳ ነገር አይደለም። አስቦና ጌራ አቀኑት ከሚባልበት ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የጓሳን ሣር ማን ማጨድ እንደሚችል የሚታወቀው በወረቀት አልነበረም፤ በትውልድ ቆጠራና በጎረቤት ቃል ነበር። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ተከልሎ ሲከፈት ማጭድ ይዞ የሚገባው ማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እውነቱ ግን ይነገር፤ ያው ምስክርነት ዘሩ ከአቅኚዎቹ የማይቆጠረውን ውጭ አስቀርቶታል፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ። እንግዲህ ምስክር ሁሉ ደግ ነው አልልም። ምስክሩ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያሻል።

ወረቀቱስ ቢሆን? መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ነው። ከሹም ጋር የተቀያየመ ሰው «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» እየተባለ የምዝገባው ቀን ቢያልፍበት ማን ይጠየቃል? ደግሞም የልደት ምዝገባ በአገራችን በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው አዛውንት የልደት ወረቀት ከወዴት ያመጣሉ? በ2013 ዓ.ም. ጸደይ አጣዬ ስትቃጠል ደግሞ አይታችኋል፤ ቤት ሲነድ መታወቂያም አብሮ ይነዳል። ምርጫው ሰኔ 14 ነበር። ነፍሱን ይዞ የሮጠን ሰው ካርድህ የት አለ ማለት እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?

አሁን «ፋይዳ ሁሉንም ይፈታዋል» የሚሉ አሉ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይነሣል። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ ይረዳል፣ አልክድም። ሳትዘናጉ አውጡ። ነገር ግን ፋይዳ ለነዋሪ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ የውጭ አገር ሰውም ያወጣዋል። ስለዚህ ዜግነትን አይመሰክርም። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ደጋ ደግሞ መሣሪያው አልሠራ ያለ ቀን ሰውየው ወደ ቤቱ ይመለስ?

የእንግሊዝን ነገር ልጨምር። እዚያ ለረጅም ዘመን መራጭ ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ ይመርጥ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ፎቶ ያለው መታወቂያ ግዴታ ሆነ፤ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ምርጫም ተጀመረ። መታወቂያ ለሌለው ግን ማረጋገጫ በነፃ እንዲሰጠው ያው ሕግ አዘዘ። እንደዚያም ሆኖ ከጣቢያ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ፣ ክርክሩም አልበረደም። ወረቀት በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ ለኛማ ምን ይባላል!

ማኅበራችን ማድረግ የሚችለው ይኸ ነው። ከምዝገባው በፊት በየጎጡ መታወቂያ የሌለው ማን እንደሆነ እንወቅ። መሄድ የሚችል ቀደም ብሎ ያውጣ። ለደካሞች፣ ለአሮጊቶች፣ ከሌላ አገር ተፈናቅለው ለመጡ ደግሞ ሰው ይመደብላቸው፤ ከምዝገባ ጣቢያው ድረስ አብሮ ሄዶ ሕጉ የሚፈቅደውን ምስክርነት ይስጥ። ምስክሮቹ የሹም ዘመዶች ብቻ አይሁኑ፤ ሴቶችም ይግቡ። መዝጋቢው እምቢ ያለ እንደሆነ አትጨቃጨቁ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ጠይቁና አቤቱታ አቅርቡ።

ለምስክርነት ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊያችን ስጡ።