በደቂቃ ስንት ገጽ? ስለ ሰነድ ስካን ፍጥነትና ምርታማነት አለካክ



የስካነር ሻጭ ስለ ፍጥነት ሲጠየቅ አንድ ቁጥር ይናገራል፤ በደቂቃ 40 ገጽ ወይም 60 ገጽ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። የተለካው ግን አዲስ፣ ንጹሕና መጠኑ እኩል የሆነ ወረቀት በማሽኑ መጋቢ ሳያቋርጥ ሲያልፍ ነው። ማሽኑ የወረቀቱን ሁለት ፊት ባንድ ጊዜ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ያው 40 ወረቀት «80 ምስል» ተብሎ ይጻፋል፤ በጨረታ ሰነድ ላይ ሁለቱን አሃዶች ማምታታት ቀላል ነው። አይ.ኤስ.ኦ/አይ.ኢ.ሲ 17991 የተሰኘ፣ የቢሮ ማሽኖችን የስካን ምርታማነት ለመለካት የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። ገዢዎች ሻጩን በዚህ ደረጃ የተለካ ውጤት እንዲያቀርብ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ጥራትም ከፍጥነት ተነጥሎ አይታይም። አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ነጥብ በኢንች ሲነሣ ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥቦች ይኖሩታል፤ በቀለም፣ ሳይታመቅ፣ ወደ 26 ሜጋባይት ይመዝናል። ጥራቱን ወደ 600 ብናሳድገው ክብደቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በጥቁርና ነጭ ብቻ ካነሣነው ግን ወደ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወርዳል፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ሐምራዊው ማኅተም ከፊርማው ጋር ተቀላቅሎ ይጠቁራል፣ ኃላፊው በእርሳስ የጻፉት ምሪትም ይጠፋል። በእኛ አገር ደብዳቤን ደብዳቤ የሚያሰኘው ማኅተሙ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና መጻሕፍት ስብስብ አለው። ብራና በመጋቢ አይገባም። መጽሐፉ በማስደገፊያ ላይ በስሱ ተከፍቶ፣ ቅጠሉ በእጅ እየተገለጠ፣ ከላይ በካሜራ ይነሣል። የተኮማተረ ቅጠል ትዕግሥት ይጠይቃል። የፍጥነቱ ልክ እጅ እንጂ ሞተር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስተምረን ምሳሌ በማይክሮፊልም ዘመን የተሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት፣ በሚኒሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በሁለት ዐሥርት ዓመታት 9,000 ያህል መጻሕፍትን በፊልም አነሣ። በዊሊያም ማኮምበርና በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የተዘጋጀው፣ በዐሥር ቅጾች የታተመው ካታሎግ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 እስከ 5,000ኛው መጽሐፍ ደርሶ ነበር። ይህ የአዘጋጆቹ ዝግመት አይደለም፤ እንዲያውም ፕሮፌሰር ጌታቸው የሠሩትን ያህል የሠራ ማግኘት ያስቸግራል። የካሜራ ሥራና የንባብ ሥራ ፍጥነታቸው አንድ አለመሆኑን የሚያሳይ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑም በቀይ ቀለም የተጻፉት ቅዱሳት ስሞች ከሌላው ጽሕፈት በግልጽ አይለዩም። ዛሬ በቀለም እንደገና ማንሣት ቢያስፈልግ፣ ያ ሁሉ ገለጣ ሊደገም ነው ማለት ነው።

በቢሮም ነገሩ ይኸው ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ መቶ ወረቀት ያለበት አንድ የሬጅስትራር ዶሴ አንድ ሰዓት ወሰደ እንበል፦ ስፒል ማውጣት፣ የታጠፈውን መዘርጋትና ማስተካከል 20 ደቂቃ፤ ስካኑ 5፤ ምስሎቹን መመርመር 15፤ ፋይሉን መሰየምና መመዝገብ 20። እጥፍ ፍጥነት ያለው ማሽን ብንገዛ ሰዓቱ 57 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ገንዘቡ ለተጨማሪ ጠረጴዛና ለአንድ ጠንቃቃ መዝጋቢ ቢውል ምን ያህል በተሻለ!

እኔ የማቀርበው መለኪያ በአንድ ሰው የሥራ ሰዓት ተቀባይነት ያገኙና ተመዝግበው ሊገኙ የሚችሉ ምስሎች ብዛት ነው። የተበላሸ ምስል መቆጠር የለበትም፤ ዶሴው ወደ መደርደሪያው ከተመለሰ በኋላ የተገኘ ጉድለት ደግሞ ከአንድ ገጽ በላይ ያስከፍላል፤ ፈልጎ ማውረድና መልሶ መፍታት አለና። ክፍያውንም በገጽ ብዛት ማድረግ አደገኛ ነው። ሠራተኛው ብራናውን ቢያጣድፈውና ቅጠሉ ቢቀደድ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ እንዲጣደፍ የከፈልነው እኛ ነን።

ማናቸውም ክፍል የማሽን ግዥ ከመጠየቁ በፊት ለሁለት ሳምንት የጊዜ መዝገብ ይያዝ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ዝግጅት፣ ስካን፣ ምርመራ፣ ምዝገባ። ወረቀቱ ከየመደርደሪያው እንደመጣ ይሁን፤ የተመረጠና የጸዳ አይቅረብ። መብራት ሲጠፋም ሰዓቱ አይቁም።